ሁለት ጉርሻ ኪኒን

በእኛ አገር ሰው ብቻውን የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። ሲወለድ እልል የሚል ጎረቤት አለ፤ ሲሞት ደረት የሚመታ ጎረቤት አለ፤ በመካከሉ ከሚስቱ ጋር ቢጣላም ሳይጠራ መጥቶ የሚያስታርቅ ጎረቤት አይጠፋም። ጠላውን ብቻውን የጠጣ፣ ጠቦቱን ብቻውን አርዶ የበላ ሰው ስሙ ይነሣል፤ ያውም በክፉ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለው አባቶች ነገሩን ዘግተውታል። ጥሩ ተረት ነው። እኔም አምኜበት ነው ያደግሁት። ግን አባቶች ይህን ሲሉ ኪኒን አልነበረም። ቢኖር ኖሮ «ከኪኒን በቀር» የምትል ቃል ጣል ያደርጉበት ነበር። እነሱ ስላልጨመሯት እኔ ልጨምራት ነው። ማን ሾመህ ትሉኝ ይሆናል። የሾመኝን ሰው ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ኪኒኑ የግፊት ነው፤ ስለ ግፊት ለመናገር ግን ሹመትም አያስፈልገኝም። ሥራዬ ነው። እዚህ ባሕር ዳር በአንድ ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ ነኝ። ቦይለር ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጥ፣ ጎጆ ቤት የሚያህል የብረት ጋን ነው። ከፊቱ የግድግዳ ሰዓት የመሰለ የግፊት መለኪያ አለው። እኔ የምሠራው የመለኪያው መርፌ ከቀዩ መስመር እንዳያልፍ በየሰዓቱ ማየት ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነው። በግፊት ጉዳይ ግን የሚከራከረኝ ሰው እስካሁን አልመጣም።

አንድ ነገር ላስተምራችሁ። ቦይለር አይጮህም። ግፊቱ ልክ ሲሆንም ያው ነው፤ ሲበዛም ያው ነው። አይቀላም፣ አያቃስትም። «ደኅና ነህ ወይ?» ብላችሁ ብትዳስሱት ይሞቃል፤ መቼስ ምን ጊዜም ይሞቃል። የሚናገረው መርፌው ብቻ ነው። መርፌውን ትቶ የቦይለሩን መልክ እያየ የሚፈርድ ሠራተኛ አንድ ቀን ከነጣራው ጣና ላይ ያርፋል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ሰውም መርፌ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሚስቴ ትርንጎ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ እግሯ አበጠ። ፊቷም ሞላ። ጎረቤት «አማረባት» አለ፤ እኔም «አማረብሽ» አልኋት። ራሴን አለች፤ በሻሽ አሰርንላት። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል አለች፤ ፀሐይ ነው አልናት። ቀን መርፌ ሳይ ውዬ ማታ የሚስቴን እግር በቅቤ አሽ ነበር። አንድ ቀን ጧት አንዘፈዘፋት። ሐኪም ቤት አደረስናት። ልጅቱ ተረፈች። እሷ አልተረፈችም። ሐኪሙ «የደም ግፊት ነበረባት፤ ተለክታ ታውቃለች?» አለኝ። አታውቅም።

ስለዚህ ነገር ይህን ያህል ይበቃል። ወደ ኪኒኑ እንመለስ።

ልጅቱን ማስተዋል አልናት። የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው፤ የትርንጎ እናት፣ እማማ እንጉዳይ። የዘጌ ሰው ናቸው፤ የመሪጌታ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ቀደም ብለው ዐርፈዋል። የትርንጎ አርባ በወጣ በሳምንቱ አንድ ሳጥን፣ አንድ ጆንያ ጌሾና የባላቸውን ዳዊት ይዘው በታንኳ መጡና ዓባይ ማዶ ቤቴ ገቡ። «አንተ ብረትህን ጠብቅ፤ እኔ ልጄን እጠብቃለሁ» አሉኝ። ልጄን ሲሉ የትኛዋን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ዘጌ በሬ የማይጠመድበት አገር ነው። መሬቱን ማረስ ከጥንት ጀምሮ የተገዘተ ነው፤ ሰዉ በጌሾና በቡና ያድራል። አራሽ የሌለበት አገር ሰው እጁ የሚሰስት መስሎኝ ነበር። ተሳሳትሁ። እማማ በሦስት ዓመት ውስጥ ዓባይ ማዶን በጉርሻ ገዙት። ደጃቸውን ያለፈ ሁሉ ይጎርሳል። የጎረሰም አንድ ጎርሶ አይለቀቅም፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል» የሚለውን ተረት እንደ ሕገ መንግሥት ነው የሚያስከብሩት። አንድ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የቤተሰብ ብዛት ሊመዘግብ መጣ። «በሞቴ!» አሉት። ሥራ ላይ ነኝ አለ። «አፈር ስሆን!» አሉት። አብዮቱ ለዚህ መልስ አላዘጋጀም ነበር። አፉን ከፈተ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ደርሰው ሁለተኛውን አጎረሱት። መዝገቡ ላይ የወጥ ጠብታ አርፎበት እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ሴትዮዋን አወቃችኋቸው። አሁን ድሬሰር አያሌውን ላስተዋውቃችሁ። ከተማ ጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ ቁመቱ አጭር፣ ትዕግሥቱ ረጅም ሰው ነው። የትርንጎን ነገር ስነግረው «እናትየዋስ? አንዳንዴ በዘር ይሄዳል፤ አምጣቸውና እንለካቸው» አለኝ።

እማማን ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን ሆንሁና? ያልታመመ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ በሽታውን በስሙ ጠርቶ ይዞት ይመለሳል» አሉ። ቦይለርም መናገር ቢችል እንደዚሁ ነበር የሚለው አልኋቸው። ከቦይለር ጋር ተወዳድረው አያውቁም ነበርና ሁለት ቀን አኮረፉኝ። በሦስተኛው ቀን «ለማስተዋል ሲሉ» አልሁ። ነጠላቸውን አነሡ።

መለካቱ ራሱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሰው ከመለካቱ በፊት ጥቂት ማረፍ አለበት፤ ጀርባውን ደግፎ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ አፉን ዘግቶ። እማማ ማረፉን ይችሉ ነበር፤ አፋቸውን ነው ያልቻሉት። ወረፋ ለያዘው ሰው ሁሉ እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ዝናቡ እንዴት ነው። ድሬሰሩ ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠምጥሞ መንፋት ሲጀምር አንድ ሽማግሌ በበሩ ገቡ፤ እማማ ከነጨርቃቸው፣ ከነመሣሪያቸው ተነሡ። «እማማ፣ ይቀመጡ!» አለ አያሌው። «እሳቸው ቆመው እኔ እንዴት ልቀመጥ?» አሉ። ሽማግሌው ሲቀመጡ እሳቸውም ተቀመጡ። ከዚያ ለካ። ሁለት መቶ በመቶ አሥር፤ ከቀዩ መስመር እጅግ ያለፈ። ጥቂት አሳርፎ ደግሞ ለካ። ያው ነው። በሁለተኛው ቀንም መልሶ ጠራቸው፤ አንድ ጊዜ በመለካት አይፈረድም ብሎ። አሁንም ያው ነው።

አያሌው ያስረዳበትን ሁኔታ ወድጄዋለሁ፤ ከቦይለር የራቀ አይደለም። ልብ ውኃ መሳቢያ ሞተር ናት፤ የደም ሥር ቧንቧ ነው። ላይኛው ቁጥር ልብ ስትጨምቅ ቧንቧው ላይ ያለው ግፊት ነው፤ ታችኛው ልብ ትንፋሽ ስትወስድ የሚቀረው። ደሙ በዛ ማለት አይደለም፤ የሚገፋበት ኃይል በዛ እንጂ። ግፊቱ በዛ ብሎ ከከረመ ቧንቧው ይደድራል፣ ይጎዳል፤ በልብ፣ በኩላሊት፣ በዓይን ይመጣል፤ ወይም አንድ ቀን ጭንቅላት ላይ ይፈነዳና ግማሽ ጎን ይዞ ይቀራል። እስከዚያ ድረስ ግን ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል። ራስ ምታት ሳይኖር፣ ማዞር ሳይኖር፣ እንዲሁ እየሣቀ ይኖራል። እኔ በየመካከሉ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያልሁ አጸድቅለት ነበር። አያሌው አልተቆጣም። ትዕግሥቱ ረጅም ነው ብያችኋለሁ።

ቀጥሎ ጨው ይቀንሱ አላቸው። እማማ ቀና አሉ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ሲባል አልሰማህም?» አሉት። ሰምቻለሁ አለ። «ታዲያ?» አሉት። ኪኒኑን በፖስታ ሰጣቸው፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ውኃ የሚያሸና፣ ለአንድ ወር፣ በየጧቱ አንድ። «እስከ መቼ?» አሉ። «ዕድሜ ልክዎን» አለ። «ዕድሜ ልክ የሚፈረደው ነፍሰ ገዳይ ላይ ነው» አሉና ፖስታውን ጡታቸው ሥር ወሸቁት።

እኔ በዚህ ሁሉ ኮራሁ። መርፌው ታይቷል፤ ግፊቱ ታውቋል፤ መድኃኒቱ ቤት ገብቷል። አንድ የቦይለር ሠራተኛ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ፋብሪካ ሄጄ አሥራ አምስት ቀን በሰላም ሠራሁ።

አሥራ ስድስተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሲናገር ረጅም ነው። ስለ ምርት ዘመቻው መናገር እንደ ጀመረ የፊተኛው መስመር ላይ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ተነሥታ ወጣች። እሷ ሳትመለስ ሌላዋ ወጣች። ቀጥሎ ሁለት አንድ ላይ። የምትመለሰውና የምትወጣው በር ላይ ይጋጫሉ። የተመለሰችውም ደግማ ትወጣለች። ሊቀ መንበሩ አንድ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አንሥቶ በሩ ላይ አሳረፈ። ንግግሩ ሲያልቅ ለመፈክር ተነሡ ተባልን። ሁላችንም ግራ እጃችንን ጨብጠን አነሣን። ጎረቤታችን እትዬ ውዴም ተነሡ። እጃቸው ወደ ላይ ሄደ፤ እሳቸው ወደ ታች ሄዱ። ዱብ!

ዘመኑን ታውቁታላችሁ፤ በመፈክር መካከል መውደቅ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን መታ። ስብሰባ ረግጦ የመውጣት ሴራ ነው አለ። የተደራጀ ነው አለ። ከኋላው ማን እንዳለ ይጣራል አለ። ሰዉ ሁሉ ጫማውን ያያል። መጨረሻ ላይ በር አካባቢ የነበሩ አንዲት አሮጊት «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሽንታችን መጣ፤ ሴራችን ይኸው ነው» አሉ። የሣቀ የለም።

እትዬ ውዴ ውኃ ተረጨባቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። «የእንጉዳይ መድኃኒት ነው» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ሁለት ነው የጎረስሁት።»

ቤት እንዴት እንደ ደረስሁ አላስታውስም። እማማ ማስተዋልን ጭናቸው ላይ አድርገው ጸጉሯን ይሠሯታል። ጠየቅኋቸው። ምንም አልደበቁም፤ የሚደበቅ ነገር አልታያቸውም። ጧት ጧት ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እሳቸው ጋ ጎራ ይላሉ። የኪኒን ሰዓት ነው። «ታዲያ ሰው ተቀምጦ እያየኝ ብቻዬን ልጉረስ? ነውር አይደለም? እሷ ወገቤን ትላለች፣ እሷ ራሴን ትላለች። ውዴም ዛሬ ደክሞኛል አለች። አንድ ብሰጣት ልንጣላ ነው። ሁለት ሰጠኋት።»

«እርስዎስ?» አልሁ። «እርስዎ በየጧቱ አንድ ወስደዋል?»

«እንግዳ ሳይጠግብ የቤት ባለቤት ይበላል ወይ?»

የአንድ ወር ኪኒን በአሥራ ስድስት ቀን አልቋል። ከዚያ ሁሉ ለእማማ የደረሳቸው ሦስት ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማስተዋልን አየኋት። «ለእሷስ?» አልሁ። እማማ ተቆጡ። «ሞኝ አደረግኸኝ? ለሕፃን መድኃኒት ይሰጣል?» አሉ። ተቀመጥሁ።

በማግስቱ ሁለቱንም ሴቶች ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። የእትዬ ውዴ ግፊት ቀድሞም ዝቅ ያለ ነበር፤ ሁለቱ ኪኒን ጨርሶ ጣለው። አያሌው «ለአንዱ መድኃኒት የሆነ ለሌላው መርዝ ነው» አላቸው። ኪኒን ለሰውየው ልክ የተሰፋ ሱሪ ነው፤ የእሱን ሌላው ቢለብሰው ወይ ያንቀዋል ወይ መንገድ ላይ ይወልቅበታል። የእማማ መርፌ ደግሞ ከበፊቱም ከፍ ብሏል። አያሌው እኔን ወደ ጎን ወሰደኝ። እንዲህ ከቀጠሉ ዛሬ ይሁን የዛሬ ዓመት አይታወቅም አለኝ፤ ልጅቱን አዝለው ሲሄዱ ሊጥላቸው ይችላል። እማማ የዓባይን ድልድይ በየቀኑ ማስተዋልን አዝለው ነው የሚሻገሩት። ይህን ለአያሌው አልነገርሁትም። ለራሴም መንገር አልፈለግሁም።

ሁለተኛ ፖስታ ተሰጣቸው። «እንግዲህ ለማንም አይሰጡም» አለ አያሌው። «እሺ» አሉ። ጎጃም ውስጥ ሁለት ዓይነት እሺ አለ፤ አንዱ እሺ ነው፣ ሌላው አይሆንም ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አራት ቀን ብቻ ፈጀብኝ። ከሥራ ስመለስ አንዷ ሴት ከቤቴ ስትወጣ አገኘኋት፤ በእጇ ውኃ ያለበት ጣሳ ይዛለች፤ እርምጃዋም ፈጠን ያለ ነው። ኪኒኑን ሳጥን ውስጥ ልቆልፍበት አልሁ። እማማ አለቀሱ። «በገዛ ቤቴ ቆጥሬ የምበላ ሰው አደረግኸኝ» አሉ። ትርንጎ ስትሞት እንኳ በፊቴ አላለቀሱም ነበር። ቁልፉን መልሼ ሰጠኋቸው።

የግፊት ሊቅ መሆኔ ያን ቀን አበቃ። ቦይለር ግፊቱ ሲበዛ እንፋሎቱን መልቀቂያ አለው። ትጠመዝዙታላችሁ፣ ፉጨት ይሰማል፣ መርፌው ይወርዳል። ሰው የሚጠመዘዝበት ቦታው የት ነው? እኔ እማማ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ከዚያ የሚያውቁት አንድ ሰው እንዳሉ ትዝ አለኝ፤ የንስሐ አባታቸው፣ መምሬ ስንሻው።

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኋቸው። መምሬ ጢማቸውን ይዘው ሰሙኝ። ከዚያ «ኪኒኗ ትንሽ ናት?» አሉ። አዎን አልሁ። «ነጭ?» አዎን። «ምሬት አላት?» አላት። ወደ ሰማይ አዩ። «ባለፈው ሰንበት ጠበል ልረጭ መጥቼ በሞቴ አሉኝ። ሁለት ጎረስሁ። ማኅሌት ላይ አራት ጊዜ ወጣሁ። እርጅናው ገባ ብዬ ልጆቼን ጠርቼ ልናዘዝ ነበር።»

ሣቅሁ። ከሣቅሁ ቆይቶ ነበርና ከሣቁ ጋር ሌላም ነገር መጣ። የቅቤውን ነገር ነገርኋቸው። መርፌ እያየሁ ውዬ እግር በቅቤ ማሸቴን። አማረብሽ ማለቴን። ቀኖና ይስጡኝ አልሁ፤ የፈለገውን ያህል ከባድ ይሁን።

መምሬ አልቸኮሉም። «ያላወቀ አይከሰስም፣ ይርጋ። ካወቀ በኋላ ዝም ያለ ነው የሚከሰሰው» አሉ። «ስግደት አልሰጥህም፤ ጉልበትህ ለሥራ ይሁን። ቀኖናህ ይኸው ነው፤ ሚስቱ ያረገዘች ሰው ስታይ ዝም ብለህ አትለፍ። እግሯ፣ ፊቷ ካበጠ፣ ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ከተጭበረበረ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዳት በለው። ይህ ባይኖርባትም አስለካት በለው፤ ግፊት ቀድሞ አይናገርም ስትል ነበር። ቢሰድብህም ንገረው።» ሹመቴ ይህ ነው። ደብዳቤ የለውም።

ስለ እማማስ ምን እናድርግ አልሁ። «እሱን ለእኔ ተወው» አሉ።

ቅዳሜ ቤታችን መጡ። ከእማማ ጋር ጓሮ ተቀምጠው ብዙ ተነጋገሩ። እኔ ማስተዋልን ይዤ ደጅ ቆየሁ። ሲሄዱ እማማ ፊታቸው ከብዷል፤ ግን ቀጥ ብለው ነው የገቡት። «ቀኖና ሰጡኝ» አሉ። «በየጧቱ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ አንድ እውጣለሁ። ጨውም ቀንሺ አሉኝ፤ እሱም እንደ ጾም ነው አሉ። በጾም ቀን መዋጡስ ብላቸው፣ ለታመመ መድኃኒት ጾም አያስፈታም አሉኝ።»

«ሴቶቹ ሲመጡስ?» አልኋቸው።

በትዝብት አዩኝ። «አንተ ደግሞ! ቀኖና ይካፈላል? የእኔን ስግደት ውዴ ትስገድልኝ?»

አያሌው ያን ያህል ቀን ያስረዳውን፣ እኔ ከነቦይለሬ ያልቻልሁትን፣ መምሬ በአንድ ቃል ጨረሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፖስታው ያለ ቀኗ አንዲት ኪኒን አልጎደለችም። ሴቶቹ ቢመጡም እማማ ጀርባቸውን ሰጥተው ይውጣሉ፤ ከዚያ ዞረው ዳቦ ያጎርሷቸዋል። ሁለት ሁለት።

በአራተኛው ወር አያሌው ለካቸው። መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ የራሱን ክንድ ለካ። መሣሪያው ደኅና ነው። የእማማ መርፌ ወርዷል። እዚህ ላይ ግን ሌላ አደጋ መጣ። «እንግዲያው ኃጢአቴ ተሰርዮአል፤ ይብቃኛ» አሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህች ጋ ነው። መርፌው የወረደው መድኃኒቱ ስለያዘው ነው፤ እጁን ሲያነሣ መርፌው ተመልሶ ይወጣል። አያሌው ነገራቸው፤ እኔም ነገርኋቸው፤ ወደ መምሬ ሄዱ። መምሬ «ዕድሜ ልክ» አሉ። እማማ ተመለሱ፤ ነገሩም አለቀ።

አለቀ ስል ለእኔ ነው። ለጎረቤት ያን ጊዜ ተጀመረ። ዕድሜ ልክ ቀኖና? በየቀኑ? ይህቺ ሴትዮ ምን ብትሠራ ነው? ዓባይ ማዶ በዚህ ወሬ አንድ ክረምት ከረመ። እትዬ ውዴ ሁለቱን ኪኒን ገና ይቅር አላሏቸውም ነበርና መልሱን አገኘሁት አሉ፤ «ዘጌ ላይ በሬ ጠምዳ አርሳ ይሆናል!» ይህን ሰምቼ እማማ እንዳይከፋቸው ብዬ ቀድሜ ነገርኋቸው። አልከፋቸውም። ማስተዋል ተኝታ ነበር፤ ነጠላ ደረቡባት።

«ይበሉ» አሉ። «እኔ የሠራሁትን አውቃለሁ። ትርንጎ እግሬ አበጠ ብላ ስትልክብኝ፣ ቅቤውን ገዝቼ የላክሁላት እኔ ነኝ። አስታሺው ብዬ።»

ሦስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ይህን አልነገሩኝም። እኔም የቅቤው ቅል ከየት እንደ መጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። «ያላወቀ አይከሰስም ብለዋል መምሬ» አልኋቸው። «ለእኔም ብለውኛል» አሉ። «ቀኖናውን ግን አልመልስም። በየጧቱ ስውጣት ስሟን እጠራለሁ።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ የእማማ ቀኖና ከተካፈለ አይቆጠርም፤ የእኔ ካልተካፈለ አይቆጠርም። የእሳቸው ይቀላል። ፋብሪካ ውስጥ ሚስቱ ያረገዘች ሠራተኛ ሲያየኝ በሌላ በር መውጣት ጀምሯል። «ይርጋ መጣ፣ እግር ደብቁ» ይላሉ። አንዱን የፈትል ክፍል ሠራተኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲሸሸኝ ከርሞ ድልድዩ ላይ ያዝሁት። ድልድይ ላይ ሌላ በር የለም። ሚስትህን አስለክተሃል ወይ አልሁት። እንደ በሬ ጠንካራ ናት አለኝ። ቦይለርም ጠንካራ ነው አልሁት። ሰደበኝ። በማግስቱ ግን ወስዷት ኖሯል። ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሐኪም ቤት አስተኟት፤ ከብዙ ቀን በኋላ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እሷም ልጁም ደኅና ናቸው።

ባለፈው እሑድ ሰውየው ሊያመሰግነኝ ቤቴ መጣ። ባዶ እጁን አልመጣም። አገራችን አይደለም? ትልቅ ቅል ይዟል። ከፈተው። ሙሉ ቅቤ።

እማማ ቅቤውን አዩት። እኔም አየሁት። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት እኛን ያያል። ማስተዋል ጣቷን ነክራ ቀመሰች። እማማ ቅሉን ተቀበሉና «ለወጥ ይሆናል» አሉ፤ ወደ ጓዳም ገቡ።

ያን ቀን የበላነው ወጥ ጨው አልነበረውም ማለት ይቻላል። ቅቤው ግን ይዋኝበታል። እማማ ሰውየውን ሁለት ጊዜ አጎረሱት፤ ማስተዋልን ሁለት ጊዜ፤ እኔን ሁለት ጊዜ። እኔም ሁለት ጊዜ አጎረስኋቸው። ድሬሰር አያሌው ቅቤም ለግፊት አይበጅም ባይ ነውና፣ ስለ ቅቤው ከሰማ እንደሚጣላኝ አውቃለሁ። ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ሁለት ጉርሻ አስቀምጬለታለሁ።